ዘፋኙን ጠብቀው

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሙዚቀኞች ናቸው። እሱ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ሙዚቃን የጀመረው በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነው። እሷ ኪቦርድ ትጫወታለች፤ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት፤ ሙዚቃዋን የምትሠራው ቤቷ ውስጥ በኮምፒውተር ነው። በስም አልጠራናቸውም፤ በተለይ እሱ የሚናገረው በዚያ በር ያለፉ የብዙዎችን ልምድ በአንድ አፍ ሰብስቦ ነውና። ስለ ታላላቅ ድምፃውያን ብዙ ተጽፏል። ከኋላቸው ቆመው ያጀቧቸው ልጆች የት ተማሩ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ይህ ምልልስ የተጻፈው ለእነሱ ነው።

እሷ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የያዙት መሣሪያ ቤዝ ነው?

እሱ፦ ቤዝማ ቆይቶ ነው የመጣው። እኔ ወንበር ደርዳሪ ነበርኩ። የቀበሌው የኪነት ቡድን ሲለማመድ በመስኮት ተንጠልጥሎ የሚያይ ልጅ መዓት ነው፤ ውስጥ ለመግባት ግን ሥራ መያዝ ያስፈልጋል። ወንበር እደረድራለሁ፣ ሞንታርቦ እሸከማለሁ፣ ገመድ እጠቀልላለሁ። በ1971 ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ዘመተና ጊታሩ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። የሚሻማበት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚፈልገው ሊድ ጊታር ወይም ማይክ ነው። አነሳሁት፤ ተው ያለኝም የለም።

እሷ፦ አንድም ነገር ሳይችሉ?

እሱ፦ ምንም ሳልችል። ሊድ ጊታሪስቱ አራቱን ክር ቃኝቶ ሰጠኝና ሦስት ቦታ አሳየኝ። «እኔ እዚህ ስሆን አንተ እዚህ» አለኝ፤ ትምህርቱ በቃ ያ ነው። በእነዚያ ሦስት ቦታዎች ብቻ ስንት መዝሙር አጅቤአለሁ! ጣቴ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ደደረ።

እሷ፦ ለኔ ትውልድ ቀበሌ ማለት መታወቂያ የሚወጣበት ቢሮ ነው። ባንድ ምን ያደርግለት ነበር?

እሱ፦ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ነው ቀበሌ የመጣው። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛ ተከፈለች፤ ከፍተኛው ደግሞ በቀበሌ። ቀበሌው የተወረሰውን ቤት ያከራያል፣ የኅብረት ሱቅ ይከፍታል፣ ሕዝብ ይሰበስባል። ለስብሰባውና ለበዓሉ መዝሙር ያስፈልጋል፤ ኪነት የተቋቋመው ለዚያ ነው። እንደ ቀበሌው አቅም ነው ታዲያ፤ ገንዘብ ያለው ኦርጋንና ድራም ይገዛል፣ የሌለው በክራርና በከበሮ ይወጣዋል። የኛው አንድ ኦርጋን፣ ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ ቆዳው በፕላስተር የተጠገነ ድራም፣ ከባህሉ ወገን ደግሞ ክራር፣ ዋሽንት፣ ማሲንቆና ከበሮ ነበረው። አባቴ ዕድሜ ልኩን ቢያጠራቅም ቤዝ ጊታር ሊገዛልኝ አይችልም ነበር።

እሷ፦ ከዚያ በፊትስ የሰፈር ልጅ የት ይጫወት ነበር?

እሱ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ የፊቱን ሳታውቂ የቀበሌው ነገር አይገባሽም። በኛ አገር ዘመናዊ ባንድ የተጀመረው በቤተ መንግሥት ነው። በ1916 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወቱ ነበሩ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከጣሊያን በኋላ ክብር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱ፣ ፖሊሱ የየራሱን ኦርኬስትራ ያዘ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ብዙው ደግሞ ወታደር። ኖታ የሚማረው እዚያ ነው፤ ሳክስፎን እጁ የሚገባው እዚያ ነው። ሀገር ፍቅር ከ1927 ጀምሮ ነበረ፤ እዚያም ቢሆን ተመርጠሽ ነው የምትገቢው።

ማሕሙድ አህመድን ውሰጂ። መርካቶ ተወልዶ ጫማ ሲጠርግ ያደገ ልጅ ነው። አሪዞና የሚባል የምሽት ክበብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ፤ እዚያ የሚጫወቱት የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ናቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ማታ ዘፋኝ ሲቀር ልሞክር ብሎ ለምኖ ወጣ። እስቲ አስቢው፤ ያንን የመሰለ ድምፅ እንዲሰማ ሌላ ሰው መቅረት ነበረበት። በሩ ይህን ያህል ጠባብ ነበር። ከዚያ እነ ሶል ኤኮስ ከመንግሥት ውጭ ለብቻቸው ባንድ አቋቋሙ፤ እነ አይቤክስ፣ እነ ዋሊያስ መጡ። እነሱ ግን የሆቴልና የክበብ ባንድ ናቸው፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈልጉት። ወንበር ደርዳሪ ልጅ ቤዝ የሚያነሳበት ቦታ አልነበረም።

እሷ፦ ዘፈኑን በምን ታጠኑ ነበር? ኖታ የሚያነብ ነበራችሁ?

እሱ፦ አንድም ሰው። ካሴት ነው። ሸክላው እየጠፋ፣ ካሴቱ ቦታውን እየያዘ የመጣበት ጊዜ ነበር። ሬዲዮ ላይ የሰማሽው አንዴ ካለፈ አለፈ፤ ካሴት ግን ትመልሺዋለሽ፣ ትጠይቂዋለሽ። ችግሩ ቤዙን መስማት ነው። ያቺ ትንሽ ቴፕ ድምፅ ማውጫዋ መዳፍ አታክልም፤ ዘፋኙ ይሰማል፣ ሳክስፎኑ ይሰማል፣ ቤዙ የለም። ያገኘሁት መላ ቴፑን ባዶ የእንጨት ሣጥን ላይ አስቀምጦ ጆሮን ሣጥኑ ላይ መለጠፍ ነበር። ያኔ ቤዙ ከታች ይመጣል፤ ከመስማትም ይልቅ በጉንጭሽ አጥንት ነው የምታውቂው። አንዲቷን ቦታ እየመለስኩ፣ እየመለስኩ ስሰማት ቴፑ የካሴቱን ክር ይበላዋል፤ በእስክሪብቶ አውጥቼ ጠቅልዬ እንደገና። የእናቴን ሣጥን አንድ ጎን በጆሮዬ ወልውዬዋለሁ።

የባትሪው ነገር ደግሞ አለ። ባትሪ ሲደክም ዘፈኑ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ድምፁም ይወርዳል። እኔ ቤቴ በደከመ ባትሪ ያጠናሁት፣ ኦርጋኒስቱ በመብራት ካጠናው በግማሽ ድምፅ ይለያል፤ አዳራሽ ስንገናኝ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች። የማን ነው ልክ? ካሴቱን አምጥቶ የሚፈርድ የለም፤ መፍረጃው የዘፋኟ ጉሮሮ ነው። እሷ ከተመቻት ቦታ ትነሳለች፤ እኛ እንፈልጋታለን። ሳይታወቀን ማንኛውንም ዘፈን ከየትኛውም ድምፅ ማንሳት ቻልን። በኋላ ሆቴል ስቀጠር ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው፤ ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጥቶ «ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል፣ ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ» ሲል አልደነግጥም።

እሷ፦ ትምህርት ቤት ቢገቡ ይሄንን በአንድ ሴሚስተር ይማሩት ነበር።

እሱ፦ እማረው ነበር። ያሬድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ የወጡ ልጆች የማላውቀውን ብዙ ነገር አሳይተውኛል። ኖታ ማንበብ ራሱ የተማርኩት ጎልምሼ ነው፤ ሳላውቀው ያለፈኝ ሥራም አለ። ትምህርትን አላቃልልም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በየትኛውም ትምህርት ቤት ያልሰማሁት ነው።

ባህላዊው ቡድንና ዘመናዊው ቡድን የሚለማመዱት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሌላ ክፍል የለማ! ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት ነበሩ፤ የአዝማሪ ልጅ ናቸው፤ ሥራቸው ዘበኝነት ነው። ከኛ ጋር የሆኑት መርጠውን አይደለም፤ ቤታቸው እዚያ ቀበሌ ስለሆነ ነው። እኔም እሳቸውን አልመረጥኩም። እንዲያውም የድሮ ሰው ናቸው ብዬ እርቃቸው ነበር፤ እኔ የምፈልገው እንደ ጆቫኒ ሪኮ መጫወት ነው።

እሷ፦ የአይቤክሱ? የሮሃ ባንዱ?

እሱ፦ አዎ። የዚያ ዘመን ቤዚስት ሁሉ ጆሮው እሱ ላይ ነበር። በ1967 ማሕሙድ ከአይቤክስ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ» ስሚው፤ በኋላ ደግሞ ሮሃ ባንድ ሲሆኑ፣ እሱና ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ያጀቡት ካሴት ተቆጥሮ አያልቅም። እኔ የእሱን ፍጥነት ነበር የምመኘው። ፍጥነቱን እንጂ ትዕግሥቱን አልሰማሁትም። ጣቴን ሳሯሩጥ እኚያ አባት ማሲንቆአቸውን ጭናቸው ላይ ያጋድሙና «ዘፋኙን ጠብቀው» ይሉኛል። ሌላ አይጨምሩም።

እሷ፦ ምን ማለታቸው ነው? ዝግ በል?

እሱ፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ትዝታ ወይም አምባሰል የሚዘፍን ሰው የመስመሩን መጨረሻ ይስባታል። ዛሬ ይህን ያህል ይስባታል፣ ነገ ከዚያ ያነሰ፤ እንደ ትንፋሹ ነው፣ እንደ ሆዱ ነው። አራት ቆጥረሽ ከገባሽ እሱ ገና አልጨረሰም፤ ቃሉን ትቆርጪበታለሽ። አዝማሪ አይቆጥርም፤ ራሱ ዘፋኝ፣ ራሱ አጃቢ ስለሆነ ትንፋሹ የት እንደሚያልቅ ያውቃል። እኔ ግን ሌላ ሰው ነው የማጅበው። ታዲያ አንድ ቀን ዓይኔን ከጣቴ አንስቼ የዘፋኟ ትከሻ ላይ አደረግሁ። ሰው ለመዝፈን አየር ሲስብ ትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የሚወጣው። በዚያች መካከል ባለችው ጊዜ ቤዙን ካስቀመጥሽው እሷ የምትቆምበት መሬት ታገኛለች። ይኸው እስካሁን መድረክ ላይ ጣቴን አላይም። ሰው የሚያየኝ ዘፋኞቹ ላይ አፍጥጬ ነው።

ኦርጋኒስታችንም ከእሳቸው አላመለጠም። ኮርድ ይወዳል፤ ከውጭ ዘፈን የለመደውን ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ይጭናል። ትዝታ ላይ ይችለዋል። አንቺሆዬ ላይ ግን፣ በጣም የተጠጋጉ ድምፆች ስላሉት፣ ያ ኮርድ ይጋጫል፤ ዘፋኟም ትደናገራለች። አባት መጫወታቸውን ያቆማሉ። አይሳደቡ፣ አያስረዱ፤ ዝም ብለው ያቆማሉ። ልጁ አንድ ጣት ያነሳል፣ ይቀጥላሉ። እንደገና ያቆማሉ፤ ሌላ ጣት ያነሳል። በስተመጨረሻ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ቀረ፤ ቅኝቱም ተነፈሰ። ዛሬ በየስቱዲዮው የባህል ቅኝት ላይ ሙሉ ኮርድ ተጭኖ ስሰማ እኚያ ሰው ትዝ ይሉኛል፤ ማን አስቁሞት ያውቃል እላለሁ።

እሷ፦ ተመልካቹስ? እኔ ሥራዬን የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው የሚያዩት፤ አስተያየት ጽፈው ያልፋሉ።

እሱ፦ የኛ ተመልካች በስም የሚያውቀን ነው። ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እናቶች የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ስንተኛ እንደወጣሁ ያውቃሉ። መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነው፣ ሚያዝያ 23 የሠራተኛው ቀን ነው፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ነው፤ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ መዝሙር፣ ንግግር፣ ግጥም፣ አጭር ድራማ፤ እነዚያ ሁሉ እስኪያልፉ እናቶች እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ውዝዋዜው ሲመጣ ነው አዳራሹ የሚነቃው። ቺክቺካውን ስንጀምር ጭብጨባ ይቀበሉናል። ያ ምት እኮ ቀላል አይደለም፤ ከበሮው ሦስት ሦስት ሲል እግር ሁለት ሁለት ይላል፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ድራመራችን በመዝሙሩ ማርሽ ለምዶ ሁለቱን ያውቃል፣ ሦስቱ ይጠፋበታል። እናቶች ግን ከሠርግ ቤት ይዘውት የመጡ ናቸው፤ አይስቱም። ከእነሱ ጋር ካልገጠምን የሳትነው እኛ ነን። ድራመሩ ፊታቸውን አይቶ ያስተካክላል። በቃ፣ በእነሱ እጅ ነው ድራም የተማረው።

እሷ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝ።

እሱ፦ ጠይቂ።

እሷ፦ ስለ ቀበሌው ሲያወሩ በፍቅር ነው። ቤተሰቦቼ ሲያወሩ የምሰማው ሌላ ነው። አያቴ እስክትሞት ድረስ የቀበሌ ግቢ በር አታልፍም ነበር። ልጇን፣ የእናቴን ታላቅ ወንድም፣ የወሰዱት ከዚያ ነው። እናንተ እንደዚያ ባለ ግቢ ውስጥ ጊታር ትመቱ ነበር።

እሱ፦ ለምን እቀየማለሁ? እውነት ነው። በ1969ና በ1970 በየቀበሌው ሰው ታስሯል፣ ተገርፏል፣ ወጥቶ ያልተመለሰው ብዙ ነው። እኔ ስገባ የኛ ግቢ መጋዘን ባዶ ነበር፤ ማን እንደነበረበት ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ፊተኛው ረድፍ ላይ ከሚያጨበጭቡት እናቶች መካከል በዚያ መጋዘን በኩል ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው የሚስቡ ነበሩ። እኛም የምንዘምረው ይህን ያደረገውን መንግሥት የሚያወድስ ነው። ከኛ ውስጥ ያመነበት ልጅ አለ፤ ከዘመቻ ያስጥለኝ ይሆናል ብሎ የገባ አለ፤ ጊታር ስለወደደ ብቻ የገባ አለ። እኔ ጊታር የወደድኩት ነኝ። ይሄ ግን ነጻ ያወጣኛል አልልም። ቤዙን እየመታሁ ቃሉን አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። አያትሽ በሩን አለማለፋቸው ልክ ነው፤ ሙዚቃው ያንን ያጥበዋል የሚል ሰው ካለ አትስሚው።

እሷ፦ ታዲያ የሚናፍቁት ምኑን ነው?

እሱ፦ ክፍሉን። ከ11 ሰዓት በኋላ የሚከፈት በር ያለው፣ ድራሙ ተተክሎ የሚያድርበት፣ የሀብታም ልጅና የዘበኛ አባት አንድ አምፕሊፋየር የሚካፈሉበት ክፍል። ያንን ክፍል የሠራው ሰው ለራሱ ዓላማ ነው የሠራው። እኛ ግን ውስጡ ሌላ ነገር ተማርን። የመዝሙሩን ግጥም ኮሚቴ ያየዋል፣ ይሰርዛል፣ ይጨምራል፤ የቤዝ መስመር የሚመረምር ኮሚቴ ግን አልነበረም። ሁለቱንም አብሬ ነው የምይዘው፤ አንዱን ጥዬ አንዱን ብቻ ልነግርሽ አልችልም።

እሷ፦ ወደ ሆቴሉ እንዴት አለፉ?

እሱ፦ እሱ አጭር ነው። ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ ኪነት፣ ከዚያ አንድ ሆቴል ቤዚስት ታሞባቸው ጠሩኝ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው ማታ ከገባ የሚወጣው ሲነጋ ነው፤ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም ታዳሚውም አብሮ ያነጋል። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ማለት የማታውቂውን ዘፈን ሁሉ ማጀብ ማለት ነው። ዘፋኝ እየተቀያየረ ይወጣል፤ አንዱ ጉራጊኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ትግርኛ፣ አንዱ የሱዳን። የተማርኩትን በሙሉ እዚያ አወጣሁት። ክር አይገኝም፤ የቤዝ ክር ሲሞት በሳሙና ውሃ ቀቅለን ቅባቱን አስለቅቀን መልሰን እናስረዋለን፤ ለተወሰነ ጊዜ ድምፁ ይመለሳል። ያንን እንኳ ቀበሌ ነው የተማርነው።

እሷ፦ ግንቦት 1983 ላይ ምን ሆነ?

እሱ፦ መንግሥት ተለወጠ፣ የጦሩ ባንዶች ተበተኑ፣ የቀበሌ ኪነትም አበቃ። የኛን መሣሪያ መጋዘን አስገቡት። የትኛው መጋዘን እንደሆነ አንቺም ገምተሻል። እዚያው ቀረ። ኪነቱ መዘጋቱ አይገርመኝም፤ የማን አፍ እንደነበር የታወቀ ነው። የሚቆጨኝ በቦታው የሰፈር ልጅ የሚለማመድበት ሌላ ክፍል አለመከፈቱ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ኪቦርድ ይዞ፣ ድራሙንም ቤዙንም ከማሽን አውጥቶ ሙሉ ካሴት መሥራት ጀመረ። ለአሳታሚው ይረክሳል፤ ለስድስት ሰው ከመክፈል ለአንድ መክፈል። ስለዚህ ብቻን መሥራትን የጀመራችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ የኛው ዘመን ሰዎች ናቸው ያስተማሯችሁ።

እሷ፦ እኔ ብቻዬን መሥራት እወዳለሁ። የሚያረፍድብኝ የለም፣ የሚኮራብኝ የለም። ደግሞስ ኃይሉ መርጊያ ብቻውን አይደል የሠራው? ያንን የአኮርዲዮን ሥራ፣ ኪቦርዱንም ምቱንም ራሱ አድርጎ፣ ዋሽንግተን ውስጥ? እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። እኔ ወደ ሙዚቃ የገባሁት እሱን ሰምቼ ነው።

እሱ፦ ጥሩ ሰው ጠራሽ። ኃይሉ አኮርዲዮን በራሱ ነው የለመደው፤ ልጅ ሆኖ ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገባ፤ ከዚያ በየቡና ቤቱ ተጫውቶ ነው ዋሊያስ ጋር የደረሰው። ሂልተን ስንት ዓመት አብረው ሠሩ። «ቸ በለው»ን በ1969 ያወጡት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለመጫወት ሄደው ኃይሉና አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። አንቺ የምትወጂውን ሥራ ብቻውን ሲሠራ እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ጣቱ ውስጥ አለ። ደህና አድርገሽ ስሚው፤ አኮርዲዮኑ ሲዘፍን ኪቦርዱ ዝም ይላል፣ ቦታ ይለቃል። ራሱን በራሱ ያጅባል። ያንን ከየት አመጣው?

እሷ፦ በኋላ ታክሲ ሲነዳ እንኳ ኪቦርድ ይዞ ነበር ይባላል።

እሱ፦ አዎ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም ጠራው፤ ዝግጁ ሆኖ ነው ያገኙት። እኔ ብቻህን አትለማመድ የሚል ሰው አይደለሁም። ብቻሽን ጣትሽን ትሠሪያለሽ። ጆሮሽን ግን?

እሷ፦ እኔ የምቀዳው ምት በሚቆጥርልኝ ክሊክ ነው። እርስዎ የሚሉት ገብቶኝ ክሊኩን አጥፍቼ ሞከርኩ። ተቀምጬ ማንን ልጠብቅ? የሚዘፍን ሰው የለ። የራሴን ድምፅ ቀድሜ ቀድቼ እሱን ልጠብቅ ብል፣ መቼ እንደሚተነፍስ አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

እሱ፦ ይሄን ያየሽ ልጅ ግማሹን ጨርሰሻል።

እሷ፦ ሰው ፈለግሁ እኮ። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ትዘፍናለች። አንድ ጊታር የሚሞክር ልጅ አለ። ድራመር የሚሆነን የአክስቴ ልጅ ነው፤ ግን ይፈጥናል፣ ልንለውጠው እያሰብን ነው።

እሱ፦ አትለውጡት። እኛ ድራመራችንን ብንለውጠው ኖሮ እነዚያ እናቶች የሚያስተካክሉት ሰው አይኖርም ነበር። ከሚፈጥን ልጅ ጋር መጫወት ምን እንደሚያስተምርሽ አታውቂም፤ እሱን ለመያዝ ስትይ ግራ እጅሽ ይጠነክራል። የት ነው የምትለማመዱት?

እሷ፦ ችግሩ እሱ ነው። ስቱዲዮ በሰዓት ይከራያል፤ አንችለውም። ቤት ደግሞ ጎረቤት አለ። ወረዳው የወጣት ማዕከል አለው፤ ፑልና ከረምቡላ ነው ያለው፣ ከኋላ አንድ ባዶ ክፍል አይቻለሁ።

እሱ፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

እሷ፦ አላውቅም።

እሱ፦ እሱን እወቂ። ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት ቁልፍ የሚይዘውን ሰው እወቂ፤ አዳራሽ የሚከፈተው በእሱ ነው። ከዚያ ደብዳቤውን አራታችሁም ፈርሙበት፤ ወላጆቻችሁም ይፈርሙ። በዓል ሲኖር እንጫወታለን በሉ፤ ምን እንደምትጫወቱ ግን እናንተው ምረጡ። ለማንም መዝሙር አትሁኑ። እኔ አምፕሊፋየር አለኝ፤ ከባድ ነው፣ የሚሸከም ልጅ ላኪ።

እሷ፦ እርስዎስ ይመጣሉ?

እሱ፦ ስትለማመዱ መጥቼ እቀመጣለሁ። ብዙ አልናገርም።

እሷ፦ ዘፋኟ ግን ታስቸግራለች። ከየትኛው ድምፅ እንደምትነሳ አታውቀውም፤ ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ። እኔ ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ አለኝ፤ ከተነሳች በኋላ ቁልፉን ተጭኜ እደርስባታለሁ።

እሱ፦ ትራንስፖዙን አትንኪው። ትጀምር፤ አንቺ በአንድ ጣት ዝቅ አድርገሽ ፈልጊያት፤ ድምፅሽ ሳይጎላ። ጊታሩ ካንቺ ይሰማል፣ ድራሙ ዝም ብሎ ይቆያል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሙሉ ስንኝ ያልፋችኋል፤ ይለፋችሁ፣ እሷም አታቁም። ስትለምዱት በሁለተኛው ቃል ላይ ትደርሱባታላችሁ።